የመብራት ባለሙያዋ ወይዘሮ ሥርጉት ላቀው (ወለተ ጊዮርጊስ)፣ ከ1964 እስከ 2017 ዓ.ም.

ወይዘሮ ሥርጉት ላቀው ከአባታቸው ከቄስ ላቀው ኪዳኔ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ አልታዬ ኅዳር 3 ቀን 1964 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቀው በጨፌ ጊዮርጊስ አጥቢያ ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና የተነሡት ጥር 23 ስለነበር ወለተ ጊዮርጊስ ተባሉ።

ከልደት ቀጥሎ ትምህርት መነገሩ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን አንድ ነገር ቀድሞ መባል አለበት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዕድራችን ለሞት ምዝገባ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ አዘጋጅቶ አመጣልን። ደብዳቤው ከሟቿ መታወቂያ ላይ የተገለበጠ ነበር። ከ«ሥራ» ፊት ለፊት «የቤት እመቤት» ይላል።

ወይዘሮ ሥርጉት ቤታቸውን መርተዋል፣ ሦስት ልጆችም አሳድገዋል። ያንን የሚንቅ ከዚህ ቤተሰብ የለም። ሆኖም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፒንሳ ከእጃቸው ሳይለይ ኖረዋል። ከዚህ ቅጽር ከቆማችሁት መካከል ቤቱን ሽቦ የዘረጉለት እጁን ያውጣ ቢባል፣ እጁን የማያወጣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በሰው ቤት ሁሉ የሚበራው ሥራቸው በራሳቸው ወረቀት ላይ የለም። ይህ የሕይወት ታሪክ የተጻፈው ያ እንዳይሆን ነው። በቁጣ መጻፉንም ቤተሰቡ አይደብቅም።

ወይዘሮ ሥርጉት ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተማሩ። ቄስ ላቀው ለሴት ልጅ ይህ ይበቃል ባይ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ግን በ1972 ዓ.ም. ልጃቸውን ይዘው መካነ ሰላም እኅታቸው ዘንድ አስቀመጧቸውና ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ የፊዚክስ መምህራቸው ባትሪ፣ ሽቦና አምፑል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የሚያበራ ይምጣ አሉ። አምስት ወንዶች ወጥተው ተመለሱ። ሥርጉት ወጥተው አበሩት። መምህሩም በደስታ «ጎበዝ! አንቺስ ወንድ ነሽ!» አሏቸው። እስኪ አስቡት፤ አንዲት ልጅ ጎበዝ ስትሆን ሽልማቷ ሴትነቷን መነጠቅ ነው! ይህ ሽልማት በሕይወታቸው ሙሉ ተከትሏቸዋል።

በ1985 ዓ.ም. ደሴ በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ሥልጠና ጀመሩ። በክፍሉ ከነበሩት አርባ ሦስት ሠልጣኞች ሴቶቹ ሁለት ነበሩ። ሁለተኛዋ በሁለት ወሯ ወደ ጽሕፈት ክፍል ተዛወረች። የክፍሉ ኃላፊ ሥርጉትንም ጠርተው፣ እንደ አባት፣ በቅን ልብ፣ «ልጄ፣ ሽቦ እጅ ያበላሻል፤ ጽሕፈቱ ይሻልሻል» ብለው መከሯቸው። ሥርጉትም «ታዲያ እጄን ለምን ብዬ ይዤው መጣሁ?» አሉ። ከክፍሉ ሦስተኛ ወጥተው በ1988 ዓ.ም. ተመረቁ።

በዚያው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የመብራት ባለሙያ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ፈተናውን አንደኛ ያለፉት ወይዘሮ ሥርጉት ናቸው። የተሰጣቸው ደብዳቤ ግን «የመጋዘን ረዳት» የሚል ነበር። ምሰሶ ላይ ለመውጣት ሴት አትመችም ተብሎ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ወንዶች ምሰሶ ላይ ወጡ፤ አንደኛ የወጡት ሴት ፒንሳና ካቻቢቴ እያስፈረሙ አደሉ። ይህ የአንድ ወር ወይም የአንድ ዓመት ነገር አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ነው። ወንዶቹ ሥራ ሲበላሽባቸው ወደ መጋዘኑ መስኮት ተመልሰው «ሥርጉት፣ እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ይነግሯቸው ነበር። ምስጋናው የወንዶቹ ሆነ።

በ1991 ዓ.ም. ከአናጺው ከአቶ ካሳ ዓባይነህ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ካሳ ለሙሽራቸው የሰጡት ስጦታ በገዛ እጃቸው የሠሩት የዋንዛ መሰላል ነው። ወይዘሮ ሥርጉት ከሥራ ሰዓት ውጭ በዚያ መሰላል እየወጡ የከተማውን ቤት ሽቦ መዘርጋት ጀመሩ። ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ አጥልቀው መሰላል ላይ ሲታዩ ሰፈሩ ዝም አላለም። «ካሳ ሚስት ነው ወይስ ወንድም ያገባው?» ብሎ የጠየቀ ነበር። አቶ ካሳም መሰላሉን ከታች እንደያዙ «እኔንጃ፣ ስትወርድ ጠይቃት፤ ፒንሳ ይዛለች» ብለው መለሱ። ጠያቂው እስኪወርዱ አልቆየም።

ቅዳሜና እሑድ በመሰላል ላይ ባገኙት ታናሽ ወንድማቸውን ይሄነውን በ1993 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ አስገቡ። ይህን የሚጽፈው ያው ይሄነው ነው። ሌላውን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ ሲወቅስ ራሱን ዘሎ ማለፍ አይችልም። ዩኒቨርሲቲ በገባበት ቀን የሚያስተምርህ ሰው ሥራ ምንድን ነው የሚል ቅጽ ተሰጠው። እኅቱ መሰላል ላይ እንደምትወጣ መጻፍ አፈረ። «የቤት እመቤት» ብሎ ሞላ። የለበሰው ሸሚዝ በዚያ መሰላል የተገዛ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ከላላ ከተማ ላይ የወይዘሮ የሻለም የኤሌክትሪክ ወፍጮ በገበያ ቀን እምቢ አለ። ሞተሩ ይዞራል፣ ዱቄት ግን አይወጣም። ባለሙያዎች ተጠርተው ድንጋዩን አወጡ፣ እንደገና ወቀሩት፣ መለሱት። ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቀየሩ። በሦስተኛው ቀን ወፍጮው ዓይን በልቶታል ተባለና ጠበል ተረጨ። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ የሻለም ወደ መጋዘኗ ሴት መልእክት ላኩ። ወይዘሮ ሥርጉት ፈቃድ ወስደው ተነሡ፣ መኪናው የተወሰነ መንገድ አድርሷቸው ቢቀር የቀረውን በበቅሎ ሄዱ። ወፍጮውን አስነሥተው አንድ ጊዜ አዩትና አጠፉት። ሞተሩ የሚዞረው ወደ ኋላ ነበር። በገበያው ዋዜማ ቆጣሪ የቀየረ ሰው ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይሮ አስሮ ሄዷል። ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ወፍጮው ዱቄት ተፋ። እህል ይዞ የተሰለፈው ሰው በእልልታ ሲያቀልጠው አንዱ «አቦ፣ ይቺ ወንድ ናት!» አለ። ወይዘሮ ሥርጉትም ዱቄቱን ከፊታቸው እየጠረጉ «ወንዶቹማ ሦስት ቀን ሞክረውታል። እኔ ሴት ነኝ» አሉት።

ከከላላ ሲመለሱ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከቡ። በ2000 ዓ.ም. መካነ ሰላም ላይ የራሳቸውን የጥገና ቤት ከፈቱ። ቤቱ በአቶ ካሳ ስም የተከራየ ስለነበር ንግድ ፈቃዱም በአቶ ካሳ ስም ወጣ። አናጺው ካሳ በወረቀት የመብራት ባለሙያ ሆኑ፤ ባለሙያዋ አሁንም ስም አጡ። አቶ ካሳ ይህን ሲናገሩ እስከ ዛሬ ይሣቀቃሉ።

አሁን ሁላችሁም የምታውቁትን፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ የሚተርከውን ቀን እንደ ሆነው እንጻፈው። በ2002 ዓ.ም. ጨፌ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን መብራት ገባለት። የአጥቢያው ልጅ ወይዘሮ ሥርጉት እያሉ ከሌላ አገር ባለሙያ ተጠራ። ሰውየው ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን ሠራ። ወደ መቅደስ ግን ክህነት የሌለው አይገባም። ስለዚህ የመጨረሻውን ሽቦ ለአንድ ዲያቆን አቀብሎ፣ ጠምዝዘህ አሽገው ብሎት ሄደ። ዲያቆኑ የሚያውቀው ማሸጊያ ሰም ነው። የጧፍ ሰም አቅልጦ ሽቦውን ለበጠው።

ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ዕለት ወይዘሮ ሥርጉት በሴቶች በኩል ቆመው ሲያስቀድሱ መብራቱ ሲርገበገብ አዩ። ሰም ሸተታቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰም ቢሸት ማንም ልብ አይለውም። እሳቸው ግን ከሰሙ ሥር የሚቃጠል ፕላስቲክ ለዩ። በባዶ እግራቸው ወጥተው ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ጣሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ጨለመ፣ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ።

«ማነው ያጠፋው?»

«የቄሱ ልጅ ናት!»

«ምነው ሥርጉት፣ በንግሡ ቀን? አበድሽ?»

«ከቅዳሴ በኋላ ትቆጡኛላችሁ» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት። «አሁን በጧፍ ይቀደስ።»

በጧፍ ተቀደሰ። ሲያበቃ ቄስ ላቀው መቅደስ ገብተው አዩ። የመጋረጃው ጠርዝ መዳፍ የሚያህል ጠቁሯል። ሰሙ ቀልጦ ሽቦው ራቁቱን ቀርቷል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ መጣ። ሥራውን የሚያውቁት ወይዘሮ ሥርጉት መቅደስ መግባት አይችሉም። መግባት የሚችሉት ካህናት ሥራውን አያውቁም። ወይዘሮ ሥርጉት ከሥርዓቱ ጋር አልተጣሉም። የማጥፊያውን ሳጥን ቆልፈው ቁልፉን ጨበጡ። ለስልሳ ስምንት ዓመቱ አባታቸው ፒንሳና ማሸጊያ ሰጥተው ወደ ውስጥ ላኳቸው፣ ራሳቸው ከሴቶች በር ላይ ቆሙ። ሕዝቡ ቅጽሩን ሞልቶ ያዳምጣል።

«አባ፣ ሰሙን ይፋቁት፤ መዳቡ እስኪያበራ።»

«አበራ።»

«ስንት ሽቦ ይታይዎታል?»

«ሁለት። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር።»

«ቀዩን ከቀዩ ብቻ። ጥቁሩ እንዳይነካው።»

«ቀዩን ከቀዩ … ልጄ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«አብሽሩ አባ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቢንቀጠቀጡም ምንም አይነካዎትም።»

የሚያዝዙት ሁልጊዜ እሳቸው፣ የምትመልሰው ሁልጊዜ ልጃቸው የነበረችባቸው ቄስ፣ ያን ቀን የልጃቸውን ቃል እየተቀበሉ ደገሙ። ሲጨርሱ ወይዘሮ ሥርጉት ሳጥኑን ከፍተው ማጥፊያውን ወደ ላይ አነሡ። መቅደሱ በራ። ቄስ ላቀው ወጥተው በሕዝቡ ፊት «ዛሬ እኔ የልጄ ረዳት ነበርሁ። ሥራው የእሷ ነው፤ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ» አሉ።

እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም። የአጥቢያው ጸሐፊ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ በመዝገቡ ላይ «የመቅደሱ መብራት በቄስ ላቀው ተጠገነ» ብለው አሰፈሩ። በክፋት አይደለም፤ የሴት ስም ከእንዲህ ያለ ሥራ አጠገብ ጽፈው አያውቁም፣ እጃቸው አልለመደም። በሚቀጥለው እሑድ ቄስ ላቀው መዝገቡን አስመጥተው አነበቡ። ብዕር ተቀብለው መስመሩን ሰረዙና ከሥሩ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «አይደለም። የሠራችው የመብራት ባለሙያዋ ልጄ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። እኔ ያቀበልሁ ነኝ።» ፈረሙበትም።

መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ቂም አልያዙም። በመስከረም የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ሀይማኖትን ይዘው ወደ ጥገና ቤቱ መጡና «እንግዲህ የጻፍሁትን በዚህ ልካስሽ፤ ሙያሽን አስተምሪልኝ» አሉ። ከሀይማኖት በኋላ ሌሎች ተከተሉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ወይዘሮ ሥርጉት ሃያ ሰባት ሴት ልጆችን የመብራትና የሞተር ሥራ አስተምረዋል። ሕጋቸው ሁለት ነበር። የመጀመሪያው «መጀመሪያ አጥፊ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መሰላሉን ራስሽ ተሸክመሽ ታመጪያለሽ የሚል ነው። አንድ ወንድ መሰላል ሊያግዝ ሲመጣ «ተዋት፣ ደግሞ መሰላሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ ትላለህ» ይሉት ነበር።

ከሃያ ሰባቱ አራቱ አቋርጠው ተድረዋል። ወይዘሮ ሥርጉት ስለ አራቱ እንጂ ስለ ሃያ ሦስቱ ሲናገሩ ተሰምተው አያውቁም። በየበዓሉ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ «ፒንሳሽ አለ፣ ዝጎብኛል፤ መቼ ትመጫለሽ?» ይሏቸው ነበር። አንዷ ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላ ተመልሳለች።

ወንድ ልጃቸው ኪዳን አዋላጅ ነርስ ልሁን ባለ ጊዜ ያው ሰፈር ደግሞ በሌላ ጫፍ ሣቀ። እናቱ መሰላል ላይ፣ ልጁ ምጥ ላይ ተባለ። ወይዘሮ ሥርጉት «ልጄ በሚያዋልድበት ክፍል መብራት እንዳይጠፋ እኔ አለሁ። እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» ብለው ዘጉት።

በ2006 ዓ.ም. መታወቂያ ሲያሳድሱ የቀበሌው ሠራተኛ ቀና ብሎ ሳያያቸው «የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ። ሁለት ጊዜ ተመልሰው እንዲያስተካክል ጠየቁት። በሦስተኛው ቀን ተራ ሲጠብቁ የጽሕፈት ቤቱ መብራት ድርግም አለ። ሠራተኛው እየተጣደፈ ወጣና «ወይዘሮ ሥርጉት፣ እግዜር ነው የላከዎ! እባክዎ ይዩልን» አላቸው።

«የቤት እመቤት ሽቦ አትነካም» አሉት። «መታወቂያው እዚያው ጋ አለ፣ አንብበው።»

የተሰለፈው ሰው ሣቀ። ሠራተኛው መብራቱ ከመጣ ወዲያው አስተካክላለሁ ብሎ ማለ። ወይዘሮ ሥርጉት አራስ ልጅ ታቅፋ የቆመች ሴት አይተው ስለ እሷ ሲሉ ሠሩለት። መብራቱ ሲመጣ የመታወቂያ ካርድ አልቋል ተባሉ። ታናሽ ወንድማቸው ይህን ሰምቶ ክስ እመሠርታለሁ ብሎ ሲነሣ «ተው አቦ፣ መብራቱ በርቷል» ብለው አስቀመጡት። እሳቸው ይቅር ብለዋል። ይህ ጽሑፍ ይቅር አላለም።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሕመም ጀመራቸው። በደሴና በአዲስ አበባ ሕክምና ቢደረግላቸውም ካንሰሩ ቀድሞ ተሠራጭቶ ነበር። በአልጋ ላይ ሳሉ አንዲት ተማሪያቸው ደጎሎ ከተማ ላይ የተቃጠለ ሞተር ገጥሟት ስትደውል፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስይዘው አንድ ሰዓት ያህል መርተዋታል። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት የተናገሩት «አጥፍተሻል አይደል?» የሚል ነበር። መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው በልጃቸው በኪዳን እጅ ላይ ዐረፉ።

ወደ ትናንቱ ደብዳቤ እንመለስ። ቤተሰቡ አንቀበልም ሲል የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ አስፋቸው በሐዘን «ልጄ ይሄነው፣ እኛስ እናውቃለን፤ ምዝገባው ግን ወረቀት ይላል» አሉ። ወረቀት ተፈለገ። ዲፕሎማቸው መማራቸውን እንጂ መሥራታቸውን አይናገርም። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጋዘን ይላል። ንግድ ፈቃዱ ካሳ ይላል። ከተማውን ያበራች ሴት ለሥራዋ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አጣች።

በመጨረሻ የሰማንያ አራት ዓመቷ እናታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «አባቷ ጽፏል እኮ» አሉ። ሰው ወደ ጨፌ ጊዮርጊስ ተላከ። መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ራሳቸው መዝገቡን ተሸክመው መጡ። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት የቄስ ላቀው የእጅ ጽሑፍ ከነፊርማው እዚያው አለ። አቶ አስፋቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ደብዳቤውን ለሁለት ቀድደው ሌላ ወረቀት አስመጡ። አዲሱ ደብዳቤ የዕድሩ ማኅተም አርፎበታል፤ የቀበሌውም ሠራተኛ ዛሬ ጠዋት በእሱ መሠረት መዝግቧል። በመቃብራቸው ላይ የሚቆመው ድንጋይም ይህንኑ ቃል ይይዛል፦ የመብራት ባለሙያዋ።

ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ጎበዝ ስትሆን «ወንድ ናት» አትበሏት። የሠራችውን አይታችሁ ስሟን ከሥራዋ ጋር ጻፉ። አንዲት ሴት የራሷን ሙያ ለማስመዝገብ አባቷ ከመቃብር እስኪመሰክርላት መጠበቅ የለባትም።

ወይዘሮ ሥርጉት ላቀው ባለቤታቸውን አቶ ካሳ ዓባይነህን፣ ልጆቻቸውን ሰብሌን፣ ኪዳንንና ምህረትን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ድንቅነሽን፣ ወንድማቸውን ይሄነውን፣ አንድ የልጅ ልጅ እንዲሁም ሃያ ሰባት የሙያ ልጆችን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው የጠየቃችሁ፣ በሐዘናችን የደረሳችሁ ሁሉ፣ በደስታ እንድንከፍላችሁ ፈጣሪ ያድርሰን።

ይህ ጽሑፍ የሚነበብበትን ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ የዘረጋችው የመብራት ባለሙያዋ ሀይማኖት ቃለ ክርስቶስ ናት። መሰላሉን የተሸከመችውም እሷ ናት። ድምፁ ቢቋረጥ ማንም ሮጦ እንዳይነካ፤ እሷ ትጠራ።

ለስንት ቤት ብርሃን ያደረሱትን የወለተ ጊዮርጊስን ነፍስ እግዚአብሔር አምላክ በማይጨልመው ቤቱ ይቀበልልን፣ አባታቸው ካሉበት ያድርስልን፣ በስማቸውም ይጥራልን። አሜን።